ዘመድ የሌለው ግስ

የኔታ ከዋናው ቤት ወጥተው ወደ እኔ ክፍል ሲመጡ ባየሁ ጊዜ ስለ ሬዲዮዬ ሊቆጡኝ መስሎኝ ነበር። ሹም አቦ ሰፈር፣ እሳቸው ግቢ ከተከራየሁ ጀምሮ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጌ መስማት ልማዴ ሆኗል፤ እሳቸው ደግሞ ቀኑን ሙሉ እደጃቸው ተቀምጠው ቅኔ የሚያስተምሩ ሰው ናቸው። በራፌ ላይ ቆመው መቋሚያቸውን ተደገፉና ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልጄ፣ አለሽ?»

«አለሁ የኔታ። ይግቡ እንጂ።»

«አልገባም። አንድ ነገር ልለምንሽ ነው የመጣሁ። ከእንግሊዝ ቋንቋ አንድ ግስ ስጪኝ።»

ጎረቤት ጨው ይለምናል፣ እሳት ይለምናል። ግስ የለመነኝ ሰው ግን ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት።

ከናዝሬት ተመድቤ የመጣሁ የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ አስተማሪ ነበርኩ። ወጣት፣ ምላሰኛ፣ ባሕር ዳር ውስጥ አንድም ዘመድ የሌለኝ ሰው። የኔታ ባለቤታቸው ከሞቱ ወዲህ ከአንድ ወንድ ልጃቸው ጋር ብቻ ይኖሩ ነበር። ዓይናቸውን ሞራ ስለጋረደው ሰው የሚለዩት በድምፁ ነው። ተማሪ ከደጅ ሆኖ «እንደምን ዋሉ» ሲል ማን እንደሆነ ያውቃሉ፤ አንዳንዴ ምሳውን እንዳልበላም ጭምር ያውቃሉ። እኔን በመጀመሪያው ሳምንት «አንቺ ልጅ ለብቻሽ ስትሆኚ ታለቅሻለሽ» ብለውኝ ተናድጄ ነበር፤ እውነት ስለነበረ ነው የተናደድኩት።

ልጃቸው ባለፈው ዓመት ማትሪክ ወስዶ እንግሊዝኛ ጣለው። በሌላ ጊዜ ቢሆን ይህ የአንድ ሰሞን ኀፍረት ነበር። በዚያ በደርግ ዘመን ግን ከትምህርት ቤት ውጭ የተገኘ ጎረምሳ ለብሔራዊ ውትድርና የተቀመጠ ማለት ነው። ልጁ በግል ተመዝግቦ እንደገና ሊፈተን ነው። ካለፈ ኮሌጅ ይገባል፤ ካላለፈ ወደ ሰሜን ጦርነት ይሄዳል። ሌላ መንገድ አልነበረም። እኔም አስጠናዋለሁ እያልኩ ብዙ ጊዜ ሞክሬ ነበር። መጽሐፉን ከፊቱ ስዘረጋለት ዓይኑ ይንከራተታል፤ አንዱን መስመር ሦስቴ አንብቦ ምን እንዳለ ስጠይቀው ወለሉን ያያል።

«ይህ ልጅ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በጆሮው ነው የተማረ» አሉ የኔታ በራፌ ላይ ቆመው። «አንቺ ለእኔ ንገሪኝ። እኔ አስገስሰዋለሁ።»

ግስ መገሰስ የቅኔ ቤት ልማድ ነው። መምህሩ ግሱን በግእዝ ይጠራሉ፣ ተማሪው ፍቺውን በአማርኛ ይመልሳል። «ዐቀበ» ሲሉት «ጠበቀ» ይላል፣ «ኀለየ» ሲሉት «አሰበ» ይላል። መጽሐፍ አይገለጥም። በለሆሳስ ማለትም የለም፤ እየጮኹ ነው። የኔታ ዘንድ ጮኾ ያላለው ሰው አልተማረም። ግቢው ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ በዚህ ድምፅ ይሞላል፤ የእኔ ሬዲዮ ከፍ ያለውም በዚሁ ሰበብ ነበር።

«የኔታ፣ ፈተናው እኮ በቃል አይደለም» አልኳቸው። «አራት መልስ ይሰጣቸውና አንዱን በእርሳስ ማጥቆር ነው።»

«ያጥቁራ! መጀመሪያ ይወቅ እንጂ።»

ምን ልበል? «ኪፕ» የሚለውን ሰጠኋቸው። ለምን እሱን እንደመረጥኩ አላውቅም፤ ያን ቀን ተማሪዎቼ ክፍል ውስጥ እንዳልነበረ ሲያደርጉት ውለው ይሆናል።

«ጠበቀ ማለት ነው» አልኳቸው።

«በቃ?»

አልበቃም። ሰው የተሰጠውን ሳይመልስ ቢያስቀር ኪፕ ነው። ምስጢር ቢይዝ፣ ቃሉን ቢያከብር፣ ሰንበትን ቢያከብር፣ ጾሙን ባይገድፍ ኪፕ ነው። ዶሮ ቢያረባ፣ ንብ ቢያረባ ያው ነው። እንግዳን በር ላይ ቢያቆም ኪፕ ነው። ወጥ ሳይበላሽ ቢያድር ኪፕ አደረገ ይባላል። ዝም በል ለማለት «ኪፕ ኳየት»፣ ሳታቋርጥ ቀጥል ለማለት «ኪፕ ኦን»። እየቆጠርኩ ሄጄ ሳላስበው መሸብኝ ማለት ይቻላል። የኔታ ቆመው ሰሙኝ፤ ወንበር ሳቀርብላቸው አላዩትም።

«ወጥም?» አሉ በመጨረሻ።

«ወጥም።»

«ይህስ ደግ ግስ ነው። የእኛም ዐቀበ እንዲሁ ነው፤ ሕግም ይጠብቃል፣ በግም ይጠብቃል።» ፊታቸው በርቶ ነበር። «ምንጩስ?»

«የምን ምንጭ?»

«ከየት ወጣ? ዘመዶቹ እነማን ናቸው? ግስ እንዲሁ ከሜዳ አይበቅልም እኮ።»

እኔ እንጃ። የተማርኩበት ቤት ውስጥ ይህን የጠየቀ ሰው አልነበረም። በማግስቱ ወደ ኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ በሁለት እጅ የሚነሳውን መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። የሌሎቹ ግሶች ዘር ይቆጠራል፤ ይኸኛው ከጀርመን ነው፣ ያኛው ከላቲን ነው ይላል። ኪፕ ላይ ሲደርስ ግን ጥንት ፍቺው በዓይን መከታተልና መያዝ እንደነበረ ይናገርና በአካባቢው ቋንቋዎች ሁሉ ዘመድ እንዳልተገኘለት፣ ምንጩም እንደማይታወቅ ገልጾ ያልፋል። ይህን ስነግራቸው የኔታ አዘኑ። እናት አባቱ እንደሞቱበት ሕፃን ነው ያዘኑለት።

«ዘመድ የሌለው ግስ! በል እንግዲህ፣ እሱም ይባል» አሉ ልጃቸውን ጠርተው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከሰዓት በኋላ የተማሪዎቼን ደብተር ሳርም በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። የኔታ «ኪፕ!» ይላሉ፤ ልጁ «ጠበቀ!» ይላል። «ኪፕ!» «ያዘ!» «ኪፕ!» «አስቀረ!» «ኪፕ!» «አከበረ!» «ኪፕ!» «አረባ!» እያለ ይወርዳል። መጨረሻ ላይ የኔታ «ምንጩስ?» ይሉታል፣ እሱም እኩል ጮኾ «አይታወቅም!» ይላል። እንግሊዝኛ በቅኔ ቤት ድምፅ ሲባል ሰምቶ የማያውቅ ሰው ሳቅ ይገድለዋል። የቅኔ ተማሪዎቹ መጀመሪያ አሾፉ፤ ኋላ ግን እነሱም ያዙት። ቁራሽ ለመለመን ሲወጡ ውሻ ቢጮህባቸው «ኪፕ ኳየት!» ይሉት ጀመር።

ደግሞ ሠራ! ያላመንኩት እሱን ነው። ጥያቄ ጽፌ ስሰጠው ልጁ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ፣ የአባቱን ጥሪ ለራሱ እየጠራ፣ ትክክለኛውን ያጠቁራል። ኪፕን ጨርሰን ወደ «ጌት»፣ አገኘ፣ ገባን፤ ከዚያ ወደ «ቴክ»፣ ወሰደ። ፊደል ሲያይ ይቁለጨለጭ የነበረው ልጅ አንድ ቀን በራሱ ጊዜ መጥቶ «ቲቸር፣ ጌትስ ምንጩ ይታወቃል?» ብሎ ጠየቀኝ። ይታወቃል ስለው ደስ ብሎት ሮጠ። ይህ ልጅ ያልፋል ብዬ ለራሴ የነገርኩት ያን ቀን ነው። ዛሬም ድረስ የሚያበግነኝ ያ ተስፋዬ ነው።

ከዚያ የውትድርናው አፈሳ ጠነከረ። ጎረምሳ ከገበያ ይያዛል፣ ከኳስ ሜዳ ይያዛል፣ እናቱ ለጨው የላከችው ልጅ ሳይመለስ ይቀራል። የኔታ አንድ ሌሊት እንቅልፍ አጥተው አደሩና ጧት ልጃቸውን ራሱን አስላጭተው፣ የበግ ለምድ ደበሎ አልብሰው፣ የቁራሽ መያዣ አኩፋዳ አሸክመው በጀልባ በጣና ላይ ወደ ዘጌ ሰደዱት። እዚያ አብሯቸው የተማረ የቅኔ መምህር አለ፤ ከእሱ ተማሪዎች ጋር ተቀላቅሎ ፈተናው እስኪደርስ ይሰነብታል። የቆሎ ተማሪ የሚነካ የለም ይባል ነበር። እኛም ይህን ይዘን እፎይ አልን። ሰንበት ሰንበት የኔታ በጀልባ እየሄዱ አዲስ ግስ ያደርሱለታል።

ለፈተናው ትንሽ ሲቀር እኔም አብሬያቸው ሄድኩ። ልጁን ፈትኜው፣ በዚያው ይዘነው ልንመለስ ነበር። ጀልባው ላይ ቡና የሚያመጡበትን ባዶ ጆንያ የታቀፉ ሴቶች አሉ፤ ካኪ የለበሱ ሁለት ሰዎችም አሉ። አንደኛው ጠመንጃ ይዟል። ሌላው ወጣት ካድሬ ነው፤ ደረት ኪሱ ላይ እስክሪብቶ ሰክቷል። ትሑት ነው። የኔታን እጃቸውን ይዞ አሳፈራቸው፣ ነፋስ እንዳይመታቸው ቦታውን ለቀቀላቸው። ለገበሬ ማኅበሩ ስብሰባ እንደሚሄዱ ሲያወሩ ሰማሁ። ትንሽ ሠጋሁ፤ ኋላ ግን ስለ ቡና ዋጋ ሲጫወቱ ተረሳኝ።

ወደቡ ላይ ወርደን ዳገቱን ስንጀምር ከቡናው ጫካ ውስጥ ግስ ይሰማል። ተማሪዎቹ በየዛፉ ሥር ተቀምጠው የየራሳቸውን ይላሉ፤ አንዱ የአንዱን አይሰማም። የኔታ ፈገግ ብለው ቆሙ። ከዚያ ሁሉ ድምፅ መካከል የልጃቸውን ለይተው ሊያዳምጡ ነው። እኔም ሰማሁት።

«ኪፕ! ጠበቀ! ኪፕ! ያዘ!»

ሁለቱንም ራሱ እየጠራ ራሱ ይመልሳል። አባቱ እንዳስተማሩት አፉን ሞልቶ ነው የሚለው። ወጣቱ ካድሬ ከኋላችን መጥቶ ቆመ።

«የኔታ፣ ይሄ ግእዝ ነው?» አለ። በፌዝ አልነበረም፤ በእውነት የጠየቀ ነው የሚመስለው።

የኔታ መዋሸት የማይችሉ ሰው ነበሩ። እኔ እችል ነበር፤ ግን ምን ብዬ? ሰውየው እንግሊዝኛ ያውቃል፤ ይህ የቅኔ ተማሪ እንዳልሆነ እንደገባው ፊቱ ላይ አየሁት። ተጣርቼ ሩጥ እንዳልለው፣ ስሙን ጠርቼ ጠቆምኩት ማለት ነው። ዝም እንዳልል፣ ድምፁ እየመራ ይወስዳቸዋል። «ኪፕ! አስቀረ! ኪፕ! አከበረ!» ይላል ልጁ፤ ዝም ቢል ኖሮ፣ አንድ ጊዜ ቢያስለው፣ ትን ቢለው! ካኪ የለበሱት ሰዎች በቡናው መካከል ሳይቸኩሉ ገቡ። እኔና የኔታ ባለንበት ቆመን፣ ልጁ ሁሉንም ፍቺ በተራ ሲል ሰማነው። «ምንጩስ? አይታወቅም!» አለ። ከዚያ ጸጥ አለ።

የተመለስነው በዚያችው ጀልባ ነው፤ ሌላ ጀልባ አልነበረም። ልጁ ደበሎውን እንደለበሰ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ እግሩን ያያል። የኔታ እጃቸውን ዘርግተው ጉልበቱን ያዙት፤ ማንም አልከለከላቸውም። ሐይቁ ጸጥ ብሏል። ወጣቱ ካድሬ ወደ እኔ ጠጋ ብሎ፣ «አንቺ ነሽ ያስተማርሽው?» አለኝ።

«አባቱ ናቸው።»

«ጎበዝ ነው። ማትሪክ ቢወስድ ያልፍ ነበር።»

በጥፊ ብለው እንዴት ደስ ባለኝ! አላልኩትም። «እንዲወስድ ተወዋ» አልኩት፤ ድምፄ ልመና ሆኖ ወጣ። የቡና ጆንያ የታቀፉት ሴቶች ዘወር አሉ።

«እኔ ምን ሥልጣን አለኝ?» አለና እሱም ወደ ውኃው ዞረ። በዚያ ጀልባ ላይ ሥልጣን ያለው ሰው አልነበረም መሰለኝ።

በማግስቱ የተያዙት ሁሉ ከታጎሩበት የእህል መጋዘን ግቢ ሄድን። ወላጅ አጥሩን ከብቦ የልጁን ስም ይጣራል። የየኔታ ልጅ ስም በየቤቱ ያለ ስም ነው፤ አንዲት እናት በጠራችው ቁጥር ከውስጥ ብዙ ድምፅ «አቤት!» ይላል። የኔታ እንደማንኛውም አባት ጠሩት፤ ብዙ ልጅ አቤት አላቸው፤ የእሳቸው አልነበረበትም። መቋሚያቸውን መሬት ላይ ተክለው፣ በቅኔ ቤት ድምፃቸው «ኪፕ!» አሉ።

ሰዉ ዞሮ አያቸው። አንድ ዘበኛ ሳቀ። ከዚያ ከግቢው ጥግ፣ ከሩቅ፣ «ጠበቀ!» የሚል ተሰማ።

«ኪፕ!»

«ያዘ!»

የኔታ ፊታቸውን ወደ ድምፁ አቀኑ። ልጁን ያገኙት ያኔ ነው። «ኪፕ!» ሲሉ «አስቀረ!» አለ፣ «ኪፕ!» ሲሉ «አከበረ!» አለ፤ ድምፁ ግን ከቦታው እየሄደ ነው፤ እያሰለፉ ወደ መኪናው እየወሰዷቸው ነበር። የኔታም በአጥሩ ጥግ ጥግ እየዳበሱ ተከተሉት። እኔ ልደግፋቸው ብዬ ክንዳቸውን ብይዝ ማን ማንን እንደደገፈ እንጃ። «አረባ!» ሲል መኪናው ላይ ወጥቷል። ሞተሩ ተነሳ። «ምንጩስ?» አሉ የኔታ ባላቸው ድምፅ ሁሉ። መልሱን አልሰማንም።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ አልመጣም። ትግራይ ነው አሉን፣ አሥመራ ነው አሉን፤ ቀበሌ ሄደን ስንጠይቅ አይታወቅም አሉን። እኔ ወደ ናዝሬት ዝውውር ተፈቀደልኝና ሳልሄድ ቀረሁ። የኔታን ለማን ትቼ? ሬዲዮኑን እሳቸው ራሳቸው ከፍ አድርጊው ይሉኝ ጀመር፤ ዜና ሊሰሙ ነው። ትምህርት ቤት ኪፕ ላይ ስደርስ ጠበቀ፣ ያዘ ብዬ ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። የቀረውን አፌ እሺ አይለኝም።

ደርግ ሊወድቅ ሲል ጦሩ እየተበተነ መጣ። በጎንደር መንገድ፣ በዓባይ ድልድይ እየተሻገሩ ወታደሮች በእግራቸው ይገቡ ጀመር። መለዮ የሌለው፣ ጫማ የሌለው፣ ሁሉም አንድ ዓይነት አቧራ የለበሰ። ከተማው መንገድ ዳር ወጥቶ ውኃና ቆሎ ይሰጣል፤ ሴቶች የልጆቻቸውን ስም ይጣራሉ። ያው ስም ነው፤ ያው «አቤት» ነው። አንዷ ሮጣ ሄዳ አንዱን ታቅፈውና የእሷ ሳይሆን ይቀራል።

«አድርሺኝ» አሉኝ የኔታ።

ድልድዩ ጋ ወስጄ ግንድ ላይ ላስቀምጣቸው ብል እምቢ ብለው ቆሙ። «ኪፕ!» አሉ። ወታደሮቹ ቀና ብለው አይተዋቸው ያልፋሉ። ቡድን ያልፋል፣ «ኪፕ!» ይላሉ፤ ሌላው ይመጣል፣ «ኪፕ!» ይላሉ። እንዲህ ሲሉ ውለው ወደ ማታ ድምፃቸው ተዘጋ። አፋቸውን ከፍተው አየር ብቻ ሲወጣቸው ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱ።

ጥሪውን እኔ ተቀበልኳቸው። «ኪፕ!» አልኩ፤ በሕዝብ ፊት፣ በቅኔ ቤት ድምፅ፣ አንገቴ ሥሩ ተገታትሮ። «ኪፕ!»

እግሩን በጆንያ የጠቀለለ አንድ ወታደር ከሰልፉ ወጥቶ ወደ እኛ መጣ። ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል። «እትዬ፣» አለኝ፣ «ምንድን ነው የምትሸጪው?»

የኔታ ድምፁን ሲሰሙ ቀና ብለው ነበር። ጨርሶ እስኪናገር አዳመጡትና ቀስ ብለው ራሳቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ውኃ ስጪው» አሉኝ፣ በሹክሹክታ።

ሰጠሁት። ጠጥቶ ኩባያውን መለሰልኝና ወደ ሰልፉ ገባ። ሌላ ቡድን ድልድዩን እየተሻገረ ነበር፤ እኔም እንደገና ጠራሁ።